የአመተ ማርያም ቤት ምርጊት

ሄሎ?... አቤት?... ማን ልበል?... አመተ ማርያም! እንዴ፣ የእኔ የወለተ ገብርኤል ቁጥር አልጠፋብሽም?... አልተቆጣሁም። ለምን እቆጣለሁ? — አንተ ትዕዛዙ፣ ራዲዮኑን ቀንስልኝ እስቲ! — ባሌ ነው፣ በይ ቀጥይ።

ምርጊቱ ተሰነጠቀ?... ከበሩ በስተቀኝ፣ አይደል? ጣት የሚያስገባው?... ኧረ ማንም አልነገረኝም። ትናንት ገበያ ስወርድ በዚያ አልፌ ነው... ትናንት ገበያ የለም? እና ገበያ ከሌለ መንገዱም ተዘጋ?

ስሚኝማ፣ ቤትሽ በጦርነቱ ሲቃጠል የከረምሽው ማን ቤት ነው?... እኔ ቤት። ያቺ ከደሴ የመጣችው መሐንዲስ «አብረን ነው የምንሠራው፣ ሁላችሁም ሐሳብ ስጡ» ብላ የቤቱን ቅርጽ መሬት ላይ በአመድ ስታሰምር፣ «በሩ ፊቱን ከነፋሱ ያዙር» ያለው ማን ነው?... እኔ። ታዲያ ለምርጊቱ ደቦ ስትጠሪ እኔን ትተሽ ስህንን! «የስህን እጅ እንደ ሐር ነው» አልሽ አሉ። ሐር!... ብለሻል፣ አትካጂ። የእኔ ቤት ግድግዳ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አንድ ጭረት አይተሽበታል?

ምን?... «ጉልበትሽን ያምሻል ብዬ ነው»?... አመተ፣ ጉልበቴ ለስግደት ነው የሚያመኝ፣ ለጭቃ መች አመመኝ! ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?... አታልቅሺ። አብሽሪ... አታልቅሺ አልኩሽ እኮ፣ እህቴ።

ጭቃውን ስንት ቀን አቦካችሁት?... አንድ አዳር! ይኸውልሽ ሐሩ! አራት ቀን ከጭዱ ጋር ሳይቦካ፣ በየቀኑ ሳይረገጥ ግድግዳ ላይ ይወጣል?... በሉ ሁሉንም ፍቁት። ክረምቱ ሳይገባ እናደርሰዋለን።

ስህን አጠገብሽ ናት? ምን ትላለች?... «ትምጣና ታሳየኝ»? እንዲያ አለች?... እህ። ደህና ሰው ናት፣ መች ክፉ ናት አልኩ። እንግዲያ ትርገጥ፤ የውስጡንም ትመርግ። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ግን የእኔ ነው። አላፊ አግዳሚው «ይኼ የማን እጅ ነው?» ሲል... ሄሎ?... በመንገዱ በኩል ነው ያልኩሽ፣ ሰማሽኝ?... ሄሎ? አመተ?

ተቋረጠ። — ትዕዛዙ! የጭቃ ቀሚሴን አውርድልኝ!... የምን አራት ቀን መጠበቅ ነው? ዛሬውኑ ነው የምሄድ! ሳልደርስ ስህን ግድግዳዬን ትይዝብኛለች።