በወንድሜ ጎን ያለው ኩላሊትሽ

እሺ፣ ማይክራፎኑ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁስ? ስለሺ፣ ሳንቡሳውን ለአፍታ ተወው፤ የምንሸኘው አንተን አይደለም።

ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ አንዲት ሴት እስከ ቁርጭምጭሚቷ የባምባሲን ጭቃ ተሸክማ ወደ ላብራቶሪዬ ገባች። ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ «ተራሽን ጠብቂ!» አልኳት። ሄዳ ከታካሚዎቹ መሀል ተቀመጠች። አርባ ደቂቃ ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ «ሽንት ነው ደም?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሁለቱም አይደለም» አለችኝ። «አዲሷ ነርስ ነኝ። ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ሳይ ሦስት ሰው እግሩ አብጧል፤ እነሱን አስቀድም።»

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደቀናሁ አለሁ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው ስለ ሲስተር ጸሐይነሽ ደግነት ተናግሯል። እኔ ስለ ቅናቴ ነው የምናገረው፤ ብዙ ዘመን ስላገለገለ እሱም አብሯት ጡረታ ይገባዋል።

አውራ ጣቷን የማያውቅ አለ? ሰው ሰላም ስትል መጀመሪያ የምታየው እግሩን ነው። ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቱን ጫን ታደርጋለች፤ የተጫነው ቦታ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ኩላሊት ወይም ልብ ደክሞ ይሆናልና፣ «ነገ ጠዋት እዚሁ እንዳገኝህ» ትላለች። አሁን ሥራ አስኪያጃችንን በር ላይ አልተጫነቻቸውም? ስርጉት ምስክሬ ናት! እኔ በማሽን ሁለት ሰዓት የሚፈጅብኝን እሷ በጣቷ ትጨርሰዋለች። ታካሚው ውጤቱን ከእጄ ተቀብሎ ወደ እሷ ይሮጥና «ሲስተር፣ ይሄ ወረቀት እውነቱን ነው?» ይላታል። ባጃጆቹ እንኳ እኔን ጭቃ ረጭተው ያልፉና ለእሷ ይቆማሉ።

ወንድሜስ? ያ እዚያ የተቀመጠው ዲንሳ ታላቄ ነው። ያኔ አንድ ቀን ምሳ ሊያመጣልኝ መጥቶ ኮሪደር ላይ አገኛት። ምሳዬን እሷ በላችው። በዓመቱ ተጋቡ። እኔም እንደራበኝ ዋርሳዋ ሆንኩ።

አሁን ቀልዱን ልተው። ከስድስት ዓመት በፊት ደም ግፊቱ የዲንሳን ኩላሊቶች አደከማቸው። ቤተሰብ ሲሰበሰብ ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሳሁ። «ወንድሙ እኔ ነኝ። ከአንድ ማህፀን ነው የወጣነው። ኩላሊት የምሰጠው እኔ ነኝ» አልኩ። ጸሐይነሽ «እኔም ልመርመር» ስትል ሳቅኩባት። «ሚስት ባዳ ናት፤ ሥጋን የሚያውቀው ሥጋ ነው» አልኳት። በሰው ፊት ነው ያልኳት።

አዲስ አበባ ሄድን። የሕብረ ሕዋስ ምርመራችን ግማሹ ገጠመ፤ ጮቤ ረገጥኩ። ከዚያ ስኳሬን ለኩት። እናንተ፣ በቀን የሠላሳ ሰው ጣት እየወጋሁ የራሴን አንድ ቀን ወግቼ አላውቅም ነበር! ስኳሬ ሰማይ ነክቷል፣ ኩላሊቴም ፕሮቲን ማፍሰስ ጀምሯል። «አንተ ለራስህም አልተረፍክ» አሉኝ። የእሷ ከእሱ ጋር አንዱም አይገጥምም፤ ግን ጤነኛ ናት። እሷ ተመረጠች።

«ሰውነቱ አይቀበለውም!» ብዬ ከሐኪሙ ጋር ተከራከርኩ። ሰውዬው በትዕግሥት አስረዳኝ። «መግጠሙ ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን ኩላሊቱ ከማን መጣ፣ እንዴት ሆኖ መጣ የሚለውም ትልቅ ነገር ነው። ሌላ አገር ከሞተ ሰው ይወስዳሉ። ያ ኩላሊት በባለቤቱ ሞት ውስጥ አልፎ፣ በረዶ ላይ ሰዓታት ቆይቶ ነው የሚደርሰው። ገና ሳይተከል የጉዳትና የብግነት ጂኖቹ ነቅተው ሥራ ላይ ናቸው። ከጤነኛ ሰው የተወሰደው ግን ከዚህ ክፍል ወደዚያ ክፍል ብቻ ነው የሚሻገረው። ጂኖቹ ረጋ ያሉ ናቸው፤ ቶሎ ሥራ ይጀምራል፣ በአብዛኛውም ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ሰጪዋ ሚስትም ብትሆን።»

አላመንኩትም። ስልኬን ይዤ እኔን የሚደግፍ ጥናት ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁት ሁሉ እሷን ይደግፋል። መጥታ «ቦዔዝ፣ ምን ይላል?» ስትለኝ «ገና አልጨረስኩትም» አልኳት። ጨርሼው ነበር።

ኩላሊቱ በተተከለ ዕለት ወንድሜ ሸና። ሰው ሸና ተብሎ እልል ሲባል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ደሙን የምቀዳው እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ክሬቲኒኑ፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ ማለት ነው፣ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ዲንሳ፣ አሁን የምናገረውን አንተም አታውቅም። ያንን ቁጥር ሳይ፣ ከፍርሃቴ በፊት፣ «አላልኳችሁም?» የሚል ነገር በልቤ አለፈ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የወንድሜ ሕይወት ነው፣ እኔ ግን ለአፍታ ደስ አለኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ እሷ ሮጥኩ። ከወረቀቱ በፊት ፊቴን አየች። አየሽኝ አይደል? ከዚያ ውጤቱን ሊሰማ አጠገቧ ወደተቀመጠው ወንድሜ ዞር ብላ «የት ከርመህ ነው?» አለችው። ለካ መንጌ፣ ወርቅ አጣቢዎቹ ዘንድ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲውል ውሃ በአፉ አልዞረም። አዲስ አበባ ደውላ ሐኪሙን አማከረች፣ ውሃ አስጠጣችው፤ በሁለተኛው ቀን ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔን ምንም አላለችኝም። እስከ ዛሬም ምንም አላለችኝም። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ጸሐይነሽ፣ በሰው ፊት ባዳ ያልኩሽን በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ያን ቀን ባዳ የሆንኩት እኔ ነኝ። ወንድሜን አቆየሽልኝ፤ አመሰግንሻለሁ። ቅናቱ ግን ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። እኔ ልሰጠው የተመኘሁትን አንቺ ሰጥተሽዋል፤ እስክሞት እቀናብሻለሁ።

አንድ ነገር ግን ይዤብሻለሁ። የሁላችንን እግር ስትጫኚ አራት ዓመት ሙሉ የራስሽን ደም አልሰጠሽም። መዝገቡን አይቻለሁ፣ ዓይንሽን አታሽሺ! በአንድ ኩላሊት የምትኖር ሴት በየዓመቱ መመርመር እንዳለባት ለአገሩ ሁሉ የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽም? እኔ ጣቴን ረሳሁ፣ አንቺ ጎንሽን ረሳሽ። ሌሎቹ ጋቢ ሸልመውሻል። የእኔ ስጦታ ይህቺ ናት፤ ባዶ የደም ብልቃጥ፣ ስምሽ የተጻፈባት።

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ጤነኞቹ የማንጎ ጭማቂ፣ እንደ እኔ ስኳር ያለብን ውሃ። ለጸሐይነሽ! አንቺ ጋር የቀረውም፣ እሱ ጋር ያለውም ኩላሊትሽ እኩል ያርጁ። ጡረታሽ የዕረፍትና የጤና ይሁን፤ እግርሽ አይበጥ፣ ጣትሽ አይድከም!

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የላብራቶሪው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ተራ አትጠብቂም።