አንድ አዋላጅ ለሁለት ቀበሌ

ግማሹን እሺ ብለን እንቀበል ወይስ ሙሉው እስኪመጣ እንጠብቅ? ይሄን ጥያቄ ልጄን ሳጠባም ውሃ ስቀዳም አስበዋለሁ፣ እስካሁን ግን መልሱን አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ልጄን አርግዣለሁ፣ የምወልደው ክረምቱ መሀል ላይ ነው። ቀበሌያችን ከኢተያ ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው ያለው፣ ማዋለጃ ቤት የለንም። ሴቶቹ ስንጮህ ስንጮህ ወረዳው በቀደም መጣና፣ ማዋለጃው ይሠራል፣ ግን ወንዝ ማዶ ባለው ቀበሌ ነው፣ አምቡላንሱ ደግሞ እናንተ ጋ ያድራል፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ አገኛችሁ ማለት ነው፣ እምቢ ካላችሁ ለሌላ ቀበሌ እንሰጠዋለን አለን። እሁድ ስብሰባ ተጠርቷል። ሴቶቹ «አንቺ ትንሽ ትጽፊያለሽ፣ ስለ እናቶች አንቺ ተናገሪ» ብለው እኔን መረጡኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ነው፣ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬም አላውቅም።

ስለዚህ የክትባት ቀን ጤና ኬላው ደጅ ተራ ስንጠብቅ እማማ በላይነሽን ጠየቅኋቸው። እሳቸው የልጅ ልጃቸውን ይዘው፣ እኔ ልጄን አዝዬ፣ ጎረቤቴ ሃዊም መንትዮቿን ታቅፋ አንድ አግዳሚ ላይ ነበርን። ያሉትን እንዳሉት ነው የጻፍኩት።

በእኛ ጊዜ የኔ ልጅ፣ ወረዳ የሚባለው ደጃችን ድረስ መጥቶ «ምን ትፈልጋላችሁ» አይልም ነበር። የሚወለድ ይወለዳል፣ ጎረቤት ይቀበለዋል፣ አለቀ። ኋላ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው። እና ስሚኝ፣ አንቺም ሃዊ ስሚ፣ ያንን ልጅ ጡት አጉርሺውና ስሚ፣ ይሄ አሁን እናንተን የጨነቃችሁ ነገር እኛንም ጨንቆን ያውቃል።

ያኔ አንድ ወጣት ከወረዳ ላኩብን። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ የእኛን ጭቃ ሲያይ ሊያለቅስ የደረሰ። እና ታዲያ ከዛፉ ስር ሰበሰበንና ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ውድ ነዋሪዎች፣ ካለው ነባራዊ ሁኔታ አንጻር፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ ለሦስት ቀበሌ በጋራ ተመድባላችኋለች» አለ። ሦስት ማለት እኛ፣ ማዶዎቹ፣ እና ከዳገቱ በላይ ያሉት ላይኞቹ ነን። እኛ የጠየቅነው ለየራሳችን ጤና ጣቢያ ነው፣ እሱ ያመጣልን አንዲት ሴት ነው።

ላይኞቹ ምን አሉ? «ሙሉ ጤና ጣቢያ ካልሆነ አንፈልግም! ለማኝ ነን እንዴ?» ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሱ፣ ሄዱ። የእኛው ጋሽ ታፈሰም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ «እነሱ ናቸው ወንዶቹ! የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች! ዛሬ አንዷን ከተቀበልን ነገ ‹ተሰጥቷችኋል› ይሉናል!» ብሎ ጮኸ። አቤት ድምፁ! አሁን አርጅቶ እንዳታዪው፣ ያኔ ሲጮህ በሬ ይደነብር ነበር።

ኦቦ ሁሴን ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገር። «ታፈሰ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ይሄንን አማርኛ ያስተማርከኝ አንተ ነህ» አለው። ሰው ሳቀ። ታፈሰም ሊስቅ ፈልጎ ተቆጣ።

እኔ ግን አልገባኝም፣ እና ተነስቼ፣ «ሰው እንዴት ይካፈሉታል? ወገቧ ላይ እንቆርጣታለን?» አልኩ።

«በላይነሽ፣ አንቺ አንድ በሬ፣ እኔ አንድ በሬ ይዘን ስንት ክረምት አረስን?» አለኝ ሁሴን።

እውነቱን ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለኝ አንድ በሬ ነበር፣ እሱም አንድ፣ ትራክተሩ እንዲህ ሳይበዛ፣ መቀናጆ እንገባለን። የኔን በሬና የሱን በሬ ባንድ ቀንበር እንጠምዳለን፣ አንድ ሳምንት የኔን ማሳ፣ አንድ ሳምንት የሱን ማሳ እናርሳለን። ተራው የደረሰ ሰው በሬዎቹን ይቀልባል፣ ውሉ ይኸው ነው፣ ጥል የለ፣ ክስ የለ። «እንግዲህ ከማዶዎቹ ጋር በአዋላጅ እንቀናጅ!» አለ ሁሴን። ጋሪዳ፣ ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፣ አለ ሰው። እኔም እጄን አወጣሁ። ታፈሰ ክንዱን አጣምሮ ቀረ።

እና ሲስተር ጫልቱ መጣች። አይ ጫልቱ! ቀጭን፣ ሳቂታ፣ የአሰላ ልጅ። አንድ ሳምንት እኛ ጋ፣ አንድ ሳምንት ማዶ፣ ተራው የሚለወጠው የገበያ ቀን። ታዲያ እኛ ምን አደረግን መሰለሽ? የበሬውን ውል እንዳለ ልጅቱ ላይ ጫንነው! ተራው የደረሰ ይቀልባል አይደል? እኛ የገብስ ጩኮ በቅቤ፣ ጠዋት እርጎ፣ ማታ እርጎ። ማዶዎቹ ይሄን ሰምተው ጨጨብሳ ከነማሩ፣ በዚያ ላይ ዶሮ አረዱላት። እኛ «ለካ በዶሮ ሊወስዷት ነው!» ብለን በግ ገዛን። ምን ያስቅሻል ሃዊ? ያንቺ አማት ናት በጉን የመረጠችው!

አንድ ቀን ጫልቱ የነጭ ጋዋኗ ቁልፍ አልገጥም ብሏት፣ «እማማ በላይነሽ፣ እርስዎ እስቲ ይንገሩልኝ፣ እኔ አዋላጅ ነኝ እንጂ ለፋሲካ የሚደልብ ሰንጋ ነኝ?» አለችኝ። «ዝም ብለሽ ብዪ፣ ውል ነው» አልኳት።

እና አንድ የገበያ ቀን ጉዱ መጣ። ተራው ሊለወጥ ነው፣ ማዶዎቹ ጋሪ ይዘው ጫልቱን ሊወስዱ መጡ። ጫልቱ ያለችበት ቤት ውስጥ ግን የእኛዋ አለምነሽ ምጥ ይዟታል። ማን በሩ ላይ ተቀምጦ ብታገኚ ጥሩ ነው? ጋሽ ታፈሰ! ያ አንፈልጋትም ያለው ሰውዬ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ «ማሳው ሳይታረስ ቀንበር አይፈታም!» አለ።

«ተራችን ነው!» አሉ ማዶዎቹ። «የእኛም ምራት ከንጋት ጀምሮ አምጣለች! ኧረ እናንተ ሰዎች ፈጣሪን ፍሩ!»

«ማሳው ሳይታረስ አልኩ!»

«ተራ አለፈ! ተራ ያለፈበት በሬ ይመለሳል፣ ውሉ ይሄ ነው!»

«የተጀመረ ትልም አይቋረጥም፣ ውሉ ይሄ ነው!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው እኮ፣ የመቀናጆ ወጉ ሁለቱንም ይላል። እኛ ቆመን የበሬ ሕግ እንከራከራለን፣ አለምነሽ ውስጥ «ኧረ በማርያም!» ትላለች፣ ማዶ ሌላዋ «ኧረ በአላህ!» ትላለች። እኔማ፣ ልንገርሽ፣ ከሁለቱ አንዷን ልናጣ ነው ብዬ ነበር።

ታዲያ በሩ ተከፈተ፣ ጫልቱ ወጣች፣ እጅጌዋን ሰብስባለች፣ ዓይኗ ፈጧል። «እኔን ነው አይደል በሬ ያደረጋችሁኝ? እሺ! በሬው ከዚህ አይነቃነቅም! ማሳውን አምጡ!» አለች።

ማሳ ይመጣል እንዴ? እንዲህ ያለ ነገር በመቀናጆ ታይቶም አያውቅ። መጀመሪያ የገባው ለሁሴን ነው፣ «ጋሪውን አዙሩ! ምራቲቱን አምጧት!» አለ። የማዶዋ አማት አዴ ሩቂያ፣ «የኔ የልጅ ልጅ ሰው ቀበሌ አይወለድም!» ብላ አስቸገረች አሉ፣ ደግነቱ ልጅቱ ራሷ «እንግዲያስ እርስዎ ይውለዱት!» ብላ ጋሪው ላይ ወጣች። ወንዙ ያን ቀን ጉልበት ነው የሚደርሰው። ታፈሰ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ጋሪውን ከኋላ ገፋ፣ አዎ፣ ያው ታፈሰ! ከማዶዎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ።

እና ሁለቱን ባንዲት ክፍል አስተኛናቸው፣ መሀላቸው የኔን ነጠላ ጋረድን። አለምነሽ ሴት ወለደች፣ የማዶዋ ወንድ። እልልታው ወንዙን ተሻገረ። ገንፎው ደግሞ ባንድ ድስት ተገነፋ፣ አዴ ሩቂያ «የኔ ቅቤ ይግባ»፣ እኔ «የኔ ይግባ» እየተባባልን ሁለታችንም ጨመርን፣ ገንፎው በቅቤ ዋኘ፣ ጫልቱ ቀምሳ «አሁንስ ገደላችሁኝ» አለች። እነዚያ ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፣ አስተማሪውም ሳይቀር «መቀናጆዎቹ» ነው የሚላቸው።

እማማ በላይነሽ እዚህ ላይ ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። እኔ ግን ጭንቀቴ አለቀቀኝም። «ታዲያ እማማ፣ እሺ ማለታችሁ ጥሩ ሆነ ማለት ነው?» አልኳቸው።

ቆይ፣ አትቸኩዪ። ጫልቱ አግብታ ወደ አሰላ ተመለሰች። ሌላ አዋላጅ ስጡን ብንል ወረዳው ምን አለን? «እናንተ ቀደም ብሎ ተሰጥቷችኋል፣ ላልደረሰው እናድርስ!» ታፈሰ ያለው ደረሰ። ላይኞቹ ግን እንደ ጮኹ፣ እንደ ጮኹ ቆዩና ሙሉ ጤና ጣቢያ ተሠራላቸው። ቆርቆሮው ከዚህ ያብረቀርቃል፣ ያውልሽ ተመልከቺው። አሁን በእኛ ይስቃሉ። ያንን ዳገት ደግሞ እርጉዝ አትወጣውም፣ ፍየልም አርፋ ነው የምትወጣው።

«እንግዲያስ ላይኞቹ ናቸው ልክ!» አለች ሃዊ።

እሱንስ ወርቄን ጠይቂያት። የእህቴ ልጅ ናት፣ ላይኞቹ ጋ ነው የተዳረችው። ጤና ጣቢያው ሳይሠራ፣ እነሱ እምቢ ብለው ሲጠብቁ፣ ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ወደ አሰላ ይዘዋት ወረዱ፣ እሷ ተረፈች፣ ልጇ መንገድ ላይ ቀረ። ላይኞቹ ጤና ጣቢያቸውን አገኙ፣ ወርቄ ልጇን አላገኘችም። እኛ ጤና ጣቢያ አላገኘንም፣ መቀናጆዎቹ ግን ይኸው ትምህርት ቤት ናቸው። እና የቱ ይበልጣል? እኔና ታፈሰ ዛሬም ባገኘሁት ቁጥር እንጨቃጨቃለን። እሱ «ብዬሽ ነበር» ይለኛል፣ እኔ «ወንዝ ውስጥ ገብተህ የገፋኸው ጋሪ የማን ነበር?» እለዋለሁ፣ ያኔ ወሬ ይቀይራል።

እኔ አንድ ነገር ነው የማውቀው የኔ ልጅ። በሬ ከተጠመደ በኋላ ውል የለም፣ ውል ከመጠመዱ በፊት ነው። ቤቱ ማዶ፣ መኪናው እዚህ፣ ይሄማ ያው መቀናጆ ነው። እኛ ወንዙ ጉልበት የደረሰ ቀን ሆኖልን ነው። አንቺ እሁድ ለሚመጣው ጫማው ለሚያብረቀርቀው፣ «ወንዙ ሲሞላ መኪናው በየት ነው የሚሻገረው?» በይው። መልስ ካለው ያን ጊዜ እጅሽን አውጪ። ከሌለው…

«ከሌለውስ እማማ?»

እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፣ የተመረጥሽው አንቺ! እኔ ገንፎውን ነው የማውቀው።

«በማን ቅቤ?» አለች ሃዊ፣ እማማ በላይነሽ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ የልጅ ልጃቸውም አብሯቸው ሳቀ፣ ከውስጥ ነርሷ «ቀጣይ!» ብላ ጠራችን።

እኔ ጥያቄውን ሄጄ ቀበሌ ጠየቅሁ። «ድልድይ መሥራቱ ወደፊት ይታያል» አሉኝ። ክረምቱ ግን ወደፊት አይደለም፣ ደርሷል፣ ሆዴም ደርሷል። እምቢ ብል ማዶ ያለችው ነፍሰ ጡርም እኔም ሁለታችን ያለ ምንም ልንቀር ነው። እሺ ብል ወንዙ በሞላበት ቀን ምጤ ቢመጣስ? ደግሞ እሺ ካልን በኋላ ድልድዩን ማን ያስታውሰዋል?

ይሄን ያነበባችሁ እናቶች፣ እናንተም አባቶች፣ የእናንተ ቀበሌ እንዲህ ገጥሞት ያውቃል? እናንተ ብትሆኑ እሁድ እጃችሁን ታወጡ ነበር? እባካችሁ እስከዚያ ምከሩኝ።