በጾም የገባ ጊታር

ከደብረ ታቦር ወደ መካነ ኢየሱስ በሚሄደው አውቶብስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ትልቅ ከበሮ ታቅፈው አጠገቤ ተቀመጡ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ መሪጌታ ዞር አሉ።

«አባቴ፣ ከበሮው የየትኛው ደብር ነው?»

«የባሕር ዳር ካቶሊኮች ነው። የምመታው እኔ ነኝ።»

«ካቶሊክም ከበሮ ይመታል?»

«በግዕዝ ይቀደሳል፣ ከበሮም ይመታል። ይመታ ነበር።»

«ምን አገኘው?»

«ጊታር።»



«በየት በኩል ገባ?»

«በዐቢይ ጾም። በጾም ከበሮ ስለማይመታ ወጣቶቹ ከቀበሌው ኪነት ጊታር ተውሰው አመጡ።»

«አብዮቱ ሲዘፈንበት የከረመውን?»

«እሱኑ።»

«ጾም እኮ ለጊታርም ጾም ነው።»

«ጊታር አይመታም የሚል አልተጻፈም አሉ። ማን አስቦት ይጽፈዋል?»

«ለፋሲካስ?»

«ከበሮዬን አንግቤ ሄድሁ። የጊታሩን ድምፅ ይውጠዋል አሉኝ።»

«እንግዲህ ወደ እኛ ይምጡ።»

«ካቶሊክ የሆንሁት ለከበሮ አይደለም፣ መሪጌታ።»

«ታዲያ ከበሮው ሲቀር ለምን ወጡ?»

«አልወጣሁም። ቆዳው ላልቷልና አገሬ ወስጄ አስጠብቄው ልምጣ ብያቸው ነው።»

«እነሱስ ምን አሉ?»

«አይቸኩሉ አሉኝ።»

መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው ከበሮውን አንዴ መቱት።

«ይኸ መቼ ላላ?»

«አልላላም» አሉ ሽማግሌው።

ከበሮው ጉልበቴን ነክቶት ነበርና፣ ንዝረቱ እስኪያልቅ ድረስ እግሬን ሳላንቀሳቅስ ቆየሁ።