ላዩ የበሰለ፣ ሆዱ ጥሬ ቆጮ

ነዒማ ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ወዲህ፣ «በቡታጅራ ውስጥ እኔ የማልመልሰው የኬሚስትሪ ጥያቄ ገና አልተወለደም» ትል ነበር። ለእናቷ ብቻ ብትል ደግ፤ ለባጃጅ ሾፌሮቹም ሳይቀር ትላለች።

ዐረፋ አንድ ወር ሲቀረው፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአክስቷ በወይዘሮ አሚኔ ጓሮ በኩል አለፈች። አክስቷ ከቆጮ ጉድጓዳቸው አፍ ላይ አገጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«አሰላሙ ዓለይኩም አክስቴ። ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ወዓለይኩም ሰላም። ቆጮዬ ደህና ሳይሆን እኔ በምን ደህና እሆናለሁ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የወይዘሮ አሚኔ ልጅ ሙባሪክ መርካቶ ይነግዳል፤ ለዐረፋ የእጮኛውን ወላጆች ይዞ ሊመጣ ነው። የከረመውን ቆጮ ጎርፍ ጉድጓዱ ገብቶ አበላሽቶታል፤ አዲስ የተፋቀው ደግሞ ገና ጥሬ ነው። የመስቃን ጉራጌ ሴት ለአማቾቿ ከገበያ የተገዛ ቆጮ አቀረበች ከተባለ፣ ወሬው ከእንግዶቹ ቀድሞ መርካቶ ይደርሳል።

ነዒማ ጎንበስ ብላ ቡጢ የሚያህል ጓል አወጣችና ለሁለት ሰበረችው። ላዩ ወየብ ብሎ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው፤ ሆዱ ግን ዛሬ እንደተፋቀ ነጭ ነው።

«ይዩት አክስቴ። መብላላቱ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ ሆዱ ተደብቆ ምን ያግኘው? ቢከታትፉት ግን የተደበቀው ሁሉ ላይ ይወጣል። ግንድ ሙሉውን እሳት ውስጥ ቢከቱት ሲጨስ ይውላል፤ ያንኑ ግንድ ቢፈልጡት ወዲያው ይያያዛል። እንጨቱ ያው ነው፤ የበዛው እሳቱ የሚነካው ገጽ ነው።»

«እንጨትና ቆጮን ምን አገናኛቸው? ቆጮ ቀኑን ጠብቆ ነው የሚበስል። ሶብር ማድረግ ነው።»

«ሶብሩስ ጥሩ ነበር። አማቾቹ ሶብር ያደርጋሉ ወይ?»

ወይዘሮ አሚኔ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ጉድጓዱ ዞሩ።

«ሁለተኛው መላ እርሾ ነው» አለች ነዒማ። «ነገር የሚያጣድፍ፣ እኛ ካታሊስት የምንለው። የእርስዎ ከጎርፉ ጋር ሄዷል። ከጎረቤትዎ ከወይዘሮ ዘይባ ጉድጓድ ጭብጥ ቢወስዱ…»

«ከዘይባ? አምና በሠርግ መሀል ቆጮዋን ‹ቃጫ ነው› ብዬ፣ ዛሬ በምን አፌ?»

ጎርፍ ከወሰደው እህል ይልቅ ኩራት ያስቀረው ሳይበልጥ አይቀርም። ወይዘሮ አሚኔ እርሾ ለመለመን ይኩሩ እንጂ፣ ያልገባቸውን ለመጠየቅ የሚኮሩ ሴት አልነበሩም።

«ለመሆኑ ይኼ የምታጣድፊበት ነገር ሥራውን ሲጨርስ ያልቃል?»

«አያልቅም። ሥራውን ያፈጥናል እንጂ ራሱ አይጠፋም።»

«አያልቅም ብቻ? እኔ ጭብጥ እርሾ ከትቼ ጉድጓዱ ሙሉ እርሾ ሆኖ ነው የማገኘው። ማን አበዛው?»

ነዒማ የኬሚስትሪ ደብተሯን አውጥታ ገጽ በገጽ አገላበጠች፤ ይኼ የለበትም። እነሆ፣ ጥያቄው ተወለደ።

በማግስቱ የኬሚስትሪ መምህሯን አቶ ይድነቃቸውን ጠይቃ፣ እየሮጠች ተመለሰች።

«አክስቴ፣ እርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ። ይበላሉ፣ ይራባሉ፤ የሚበዙት እነሱ ናቸው። የሚያጣድፈው ደግሞ እነሱ የሚሠሩት ኤንዛይም የሚባል ነገር ነው።»

«ሕያዋን? ቆጮዬ ውስጥ?»

«የሚያኮመጥጡት እነሱ ናቸው፤ አይጎዱም።»

«እንግዲያ ስንት ዓመት ሙሉ ያልጠራሁትን እንግዳ ስቀልብ ኖሬያለሁ» አሉ አሚኔ። «ቢሆንም ወሬ አይበላም። አሳዪኝ።»

ነዒማ ከዘይባ ጭብጥ እርሾ ለምና አመጣች። ሦስት ጥቅል ሠሩ፤ አንዱ ጓሉ እንዳለ፣ አንዱ የተከተፈ፣ አንዱ ተከትፎ እርሾ የገባበት። ሦስቱንም በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ከምድጃው አጠገብ ቀበሯቸው። ከጁምዓ እስከ ጁምዓ ወይዘሮ አሚኔ እየደጋገሙ መሬቱን በእጃቸው ሲዳብሱ ሰነበቱ። ሲከፈት የመጀመሪያው ሆዱ ነጭ ነው፤ ሁለተኛው ወየብ ማለት ጀምሯል፤ ሦስተኛው እስከ መሀሉ ለስልሶ ሽታው አፍ ያስመጠምጣል።

ወይዘሮ አሚኔ ሦስቱንም አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ። ከዚያ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና ወደ ዘይባ ደጅ ሄዱ።

«ዘይባ፣ አምና ያልኩሽን ይቅር በይኝ።»

«የትኛውን? ብዙ ብለሻል እኮ» አሉ ዘይባ፣ ቢላዋቸውን እያነሱ።

ሁለቱ ጎረቤታሞች የጉድጓዱን ቆጮ በሙሉ አውጥተው ከተፉ፣ ቃጫውን ለቀሙ፣ እርሾ አዳርሰው መልሰው ቀበሩ። ነዒማም ጉቶ ላይ ተቀምጣ ስለ ኤንዛይም አስረዳች።

ዐረፋ ደረሰ። የሙባሪክ እጮኛ አባት ክትፎውን በቆጮ እየጠቀለሉ በልተው ድገሙኝ አሉ። ወይዘሮ አሚኔም ለተሰበሰቡት ጎረቤት ሴቶች እንዲህ አሉ፦ «ጓል አትቅበሩ፤ አድቅቃችሁ ክተፉ። እርሾም እየተሰጣጣችሁ ኑሩ። የአንዷን ጉድጓድ ጎርፍ ቢወስደው ከሌላዋ ይገኛል። ‹ቀኑን ይጠብቅ› እያልኩ እኔ ነበርኩ የማዘገየው።»

ነዒማ ይህን ስትሰማ አላስቻላትም። ወደ እጮኛዪቱ አባት ጠጋ ብላ፣ «በሳይንስ ነው የበሰለው፤ ይኼን ቆጮ ያደረስኩት እኔ ነኝ» አለች።

ዘይባ በክትፊያ የሻከረ መዳፋቸውን እያሹ ቀና አሉ።

«አንቺ እንኳን ቆጮ፣ ቢላዋም አልነካሽም። ተነሺና ሰሃን እጠቢ።»