ጋሽ ዝም በሉ የቀረጹት የመጨረሻ ሸክላ

ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን በሙያቸው ሸክላ ቀራጭ ነበሩ፤ በቴፕ የድምፅ ክር ላይ ያለውን ሙዚቃ በጋለ መርፌ በጥቁር ክብ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉ ሰው ማለት ነው። የሥራ ጓደኞቻቸው ጋሽ ዝም በሉ ይሏቸው ነበር፤ ታሪካቸውን ለመስማት ይህ ሁሉ ሰው ዝም ማለቱን ቢያዩ ሳይገርማቸው አይቀርም።

ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው የጠገኑትን ሰዓት ሁሉ የልጃቸው ጆሮ ላይ አስጠግተው ድኗል ወይስ ገና ታማሚ ነው እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ የልጁ ፍርድ ሳይሰማ ሰዓቱ ለባለቤቱ አይመለስም። ታላቅ እህታቸው መጽሐፍ ላይ ተደፍታ ስትውል፣ እሳቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የጎረቤት ጠብ ሲያዳምጡ ይውሉ ስለነበር፣ እናታቸው አንዷ ዓይን አንዱ ጆሮ ሆኑብኝ፣ እጅ የሚሆነኝ ልጅ ሳልወልድ ቀረሁ ብለው ያማርሩ ነበር።

ትምህርት ቤት ብዙም አልደመቁም። የኤሌክትሪክ ሙያ ተምረው በሃያ ዓመታቸው ሸክላ ማተሚያ ቤት ተቀጠሩ፤ በአንድ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥም አርባ ስድስት ዓመት ሠሩ። እዚያው የድምፅ ክር በምላጭ ቆርጠው የሚቀጥሉ፣ ከእሳቸው ይልቅ ቀልድ የሚያውቁ ሴት አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው መቅረጫው ሲዞር ከጎናቸው ተቀምጠው ሹራብ ይሠሩ ነበር፤ ድምፁ ካለ ልክ የጎላ እንደሆነ ቀና ሳይሉ፣ በዛ ይላሉ። እሳቸውም ይቀንሳሉ። ትዳራቸው በአመዛኙ ይኸው ነበር፤ ብዙ ከሚያወራው ትዳር ሁሉ የተሻለ ሆኖ አልፏል። እህታቸው በዚያው ዘመን ርቃ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ የተመለሰችው ለቀብር ብቻ ነው፤ ይህ አራተኛዋ መሆኑ ነው።

ከሙዚቃ ሁሉ አጫጭሮቹን የሩሲያ የኦርኬስትራ ሥራዎች ይወዱ ነበር፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ቢበዛ ዘጠኝ ደቂቃ የሚፈጁትን። ሰው ርዝመትን ከቁም ነገር ያምታታል ይሉ ነበር። ሸክላ ላይ መርፌው ወደ መሐል ሲጠጋ ቦታው ስለሚጠበውና ድምፁ ስለሚታፈን፣ በአንድ ገጽ ሁለት ሥራ ብቻ ቀርጸው የቀረውን ባዶ ይተዉታል። አለቃቸው ባዶውን ለማን ትተው ነው ብለው በተቆጡ ቁጥር፣ ለመተንፈሻ ነው የሚል መልስ ያገኙ ነበር። ድምፅ የሚለዩ ሰዎች እነዚያን ሸክላዎች እስከ ዛሬ እየፈለጉ ይይዟቸዋል።

በስልሳ አምስት ዓመታቸው ባለቤታቸው ሞቱባቸው፤ በዛ የሚል ሰው ከክፍሉ ጠፋ። በዚያው ዓመት ሁለት ማንቆርቆሪያ አቃጠሉ፤ ውሃው ሲፈላ የሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ ነበር፤ ፉጨቱን አልሰሙትም። ልጃቸው ኀዘን ነው ብላ አለፈችው፤ እሳቸውም ማንቆርቆሪያው የዛሬ ዕቃ ስለሆነ ነው አሉ። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ከጆሯቸው ተሰናብቶ እንደሄደ ግን ማንም አላወቀም። በዓመቱ ተመሳሳይ አጫጭር የሩሲያ ሥራዎች ሲቀርጹ ቃጭሉና ቫዮሊኑ የደከሙ መስሏቸው አጎሉት፤ ደግመው አጎሉት። ከመታተሙ በፊት ግን የገዛ ጆሯቸውን አላመኑም። ለሰው ደስታ ብላ ቃል ለውጣ የማታውቅ እህታቸው ናትና፣ የሙከራውን ሸክላ ላኩላትና፣ በሟቿ ባለቤቴ ፈንታ አዳምጪልኝ፣ በዛ ወይስ ልክ ነው ብለው ጻፉላት።

እህታቸው መርፌውን አስቀመጠች፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላም አነሳችው፤ ጆሮ ይወጋ ነበር። ሁለት ቀን አሰበችበት። ሚስት የቀበረ ሰው ነው አለች፤ ደክሟትም ነበር፤ እውነት መናገር የጉልበት ሥራ ነው። ከዚያም ልክ ነው ብላ ጻፈች።

ሸክላው ታተመ፤ አብዛኛው ተመለሰ። ከገዢዎቹ አንዱ ለመሆኑ ቀራጩ ጆሮ አለው ወይ ብሎ የጻፈውን ደብዳቤ ይዘው ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ሐኪሙም ቁርጡን ነገራቸው። በማግስቱ መቅረጫውን ጨርቅ አልብሰው ከሥራ ወጡ። ለእህታቸው የላኩት ወረቀት አንድ መስመር ነበር፤ "ለካ አንቺም እንደ ሰው ሁሉ ጥሩ ሰው ሆነሻል።" ከዚህ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አልተጻጻፉም፤ በዚያ ቤት ከአባት የተወረሰው ብቸኛ ንብረት ኩራት ነበርና ሁለቱም እኩል ተካፍለውት ነበር።

ልባቸው ደክሞ ሁለት ዓመት ሲታመሙ ልጃቸው ሳትሰለች አስታማቸዋለች። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ በመኝታቸው ላይ አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ልጃቸው የሕይወት ታሪካቸውን ማን ያንብብ ብላ ጠይቃቸው ነበር። "አክስትሽ ታንብበው። ያልነገረችኝ አንድ እውነት አለ" አሏት።

እንግዲህ እውነቱ ይኸውና፤ በዝቶ ነበር። ያን ጊዜ ብትነግራቸው ኖሮ በእህታቸው ፊት ብቻ አፍረው ይቀሩ ነበር፤ እሷ ግን በሰው ሁሉ ፊት እንዲያፍሩ ተወቻቸው። ከዚያ በፊት የቀረጿቸው ሸክላዎች ግን፣ ያ መስኮት አልባ ክፍል የሠራቸው ሸክላዎች፣ እሷ በሄደችበት ሁሉ ተሸክማቸው የዞረቻቸው፣ አንድም ቦታ አልበዙም፣ አንድም ቦታ አላነሱም። ይህም እውነት ነው፤ አንዴ ከዋሸ አፍ ስለወጣ ግን እሳቸው ቢሰሙት ላያምኑት ይችላሉ፤ መብታቸው ነው።

አንዲት ልጃቸው፣ የልጃቸው ባል፣ ሁለት ሴት የልጅ ልጆችና ይህን የምታነበው ታላቅ እህታቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ፈጣሪ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ ለነፍሳቸው ይመልስላት፤ በዛ የሚሏቸውንም ሴት ከጎናቸው ያስቀምጥላቸው።

የሸክላው መጨረሻ ባዶ ይሁን ይሉ ነበር። እስኪ ዝም በሉላቸው።