እንግዳ በሰባተኛው ቀን

«ማሌ፣ ኛሬአት! ደህና አደርሽ እህቴ? እኔማ ምን አድሬ... ሙቀቱ ሲያገላብጠኝ ነጋ። ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ስድስት ሰዓት ላይማ ምን ልትሆን ነው? እስኪ ነይ፣ ያንን ጫፍ ያዢልኝ፤ ይህ አንሶላ በአንድ ሰው አይጨመቅም። እናትሽስ እንዴት አደሩ?... ተመስገን። ተመስገን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።»

ሺታዬ ሰው አታማም። ይህን የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ ይመሰክራል። አቦቦ ላይ ከሰፈሩ ገበሬዎች ተወልዳ፣ ጋምቤላ ከተማ መጥታ በልብስ ስፌት ቤት የገዛች፣ ምድር ቤት ቁጥር አምስት የምትኖር፣ አፏ የታረመ ሴት ናት። ያን ዕለት ልብሷን ስታሰጣ ከገመዱ አምስት እርምጃ ርቆ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር በፕላስቲክ ወንበራቸው ተቀምጠው ጋዜጣ እያነበቡ ነበር። እሷ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች። ጀርባውን የሰጠ ሰው ደግሞ ከኋላው ማን እንዳለ በምን ያውቃል? ድምፅዋ ከወትሮው ትንሽ ከፍ ማለቱም ከኛሬአት ጋር በመካከላቸው እርጥብ አንሶላ ስለነበረ ብቻ ነው።

ኛሬአት ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ነርስ ናት። ትናንት ከሥራ ስትመለስ በሯ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎ አገኘች፦ እንግዳዎ ሰባት ቀን ስለሞላቸው እስከ ነገ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲለቁ። እንግዳዋ የወለደቻት እናቷ ናቸው። እማማ ኛዱዎት ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ፣ ከማታር ድረስ ሕክምና ፍለጋ የመጡ ናቸው። የዓይን ሐኪሞቹ ደግሞ ከተማው የሚገቡት ከዛሬ አሥራ ስምንት ቀን በኋላ ነው። ሰኔ ሊገባ ነው፤ አሁን ወደ ማታር ከተመለሱ ዝናቡ መንገዱን ይዘጋዋል፣ ሐኪሞቹም መጥተው ይሄዳሉ፣ እሳቸውም በጨለማ ይቀራሉ።

«ዓይንሽ አብጧል ልበል? አልቅሰሻል እንዴ?» አለች ሺታዬ አንሶላውን እየጠመዘዘች። «አይ... ማኅበር የጠላሽ እንዳይመስልብሽ። ማኅበር እንዴት ይጠላል? እኔ እንኳ ማኅበሩን እወደዋለሁ። ድሮ እንዴት እንደነበርን ረሳሽው? ፍየል ደረጃ ወጥታ ሁለተኛ ፎቅ ስትወልድ አላየንም? የሮቶው ውሃስ የጉልበተኛ አልነበረም? ሌሊት የነቃ ሞልቶ፣ የተኛ ሲጠማ። ዛሬ በተራ ነው። ትልቅ አልል ትንሽ፣ ሁሉም ጄሪካኑን ይዞ ይሰለፋል። ደረጃው አምፖል አለው፤ በሩ ላይ ሩአችን የመሰለ ዘበኛ አለ። ይህን ያደረገ ሰው ይባረክ! እኔ የሰው መልካም ሥራ አልደብቅም... አንዳንዱ ነው እንጂ የተደረገለትን የሚደብቀው።»

ከማንጎው ሥር የጋዜጣ ገጽ ተገለጠ።

«ዓሣ በረንዳ ላይ ማስጣት ተከለከለ፤ ዝንብ ቀነሰ። ሐሰት ነው? ቀነሰ! ዝንቡ ራሱ ደንቡን አንብቦ ወደ ጎረቤት ግቢ ሄደ። ኧረ አጥብቀሽ ያዢው፣ መሬት ሊነካ ነው። እና ደንቡን እያልኩሽ ነበር፤ ምን ዓይነት ደንብ መሰለሽ! አንዳንድ ሰው ደንብ ሲያወጣ ነዋሪ ሰብስቦ፣ ጠይቆ፣ ተጨቃጭቆ ነው። ያ ድካም ለምን? አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሰው በቴሌግራም ያስልካል፣ ያሳትማል፣ አለቀ። አንቀጽ አሥራ አራትን አንብበሻል? ‹በክረምት ብርድ ቤት ለማሞቅ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው› ይላል። እዚህ! ጋምቤላ! ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ሳያፈርሰው በክብር የቆየ አንቀጽ ነው። ‹ሙቀት እንዳይወጣ የደረጃው በር ዘወትር ይዘጋ› የሚለውስ? እሱንማ እያከበርን ነው። አንድም ሙቀት አምልጦን አያውቅም፤ ሁሉንም ይዘን ተቀምጠናል። ገጽ አምስት ላይ የዚያ የሌላው ሕንፃ ስም ሳይፋቅ ቀርቷል ይላሉ ምቀኞች... ታዲያ ምን አለበት? ሰውስ ቢሆን የድሮ ስሙ ሁሉ ይፋቃል እንዴ?»

ኛሬአት አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ማንጎው ልታይ ስትል ሺታዬ አንሶላውን ሳብ አደረገችባት።

«ወደዚህ እዪ አንቺ፤ እጅሽ ላይ ያለውን እዪ። የእንግዳ አንቀጿም በከንቱ አልመጣችም፤ እውነቱን እንናገር። አራተኛ ፎቅ ያ ነጋዴ ስቱዲዮውን አልቤርጎ አድርጎት አልነበረም? ከወንዝ ማዶ የመጣው ሁሉ እዚያች ሲያድር፣ አሥራ አራት ሰው በአንድ ሽንት ቤት! ደረጃው ላይ ተኝተው ስንራመድባቸው የነበረውን እኔም አስታውሳለሁ። ስለዚህ ‹ሰባት ቀን› ተባለ፤ ደግ ተባለ። ጥፋቱ የደንቡ አይደለም። ደንብ ምን ዓይን አለው? አልቤርጎ ይሁን እናት ትሁን በምን ይለያል? ይህን እንዲለይ ነበር ሰው መርጠን ዓይን ያለው ያስቀመጥነው።

»አባቶች ‹እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ጨርቅ› ይላሉ። እዚያ ላይ ያቆሙት ማኅተም ስላልነበራቸው ነው፤ እኛ ቀጠልነውና በሰባተኛው ቀን ማስታወቂያ ላይ ደረስን። ‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር› የሚሉትም ደርሶልናል። ሃያ አራት አባወራ ተባብረን... አንዲት አሮጊት ያዝን።»

ሺታዬ ይህን ብላ አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣለችው። አሁን ከእሷና ከማንጎው መካከል ነጭ መጋረጃ ተዘረጋ። ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ሰው፣ እንደምታውቁት፣ አይሰማም።

«እስኪ ተይው ይህን፤ ሌላ ጨዋታ ላጫውትሽ። አንድ ልጅ አውቅ ነበር... አንቺ አታውቂውም። ከየት ታውቂዋለሽ? ያኔ እናትሽ ጉያ ነበርሽ። ከሲታ፣ አንገቱ የቀጠነ፣ አዲስ የተቀጠረ የመንግሥት ሠራተኛ። አንድ ሻንጣ ይዞ፣ ‹ለሦስት ቀን ሥራ ነው የመጣሁት› ብሎ በሰኔ ማታር ገባ። ሦስት ቀን! ዝናቡ መች የሱን ደብዳቤ አየለት? መንገዱ ተቆረጠ። ሆቴል የለ፣ ዘመድ የለ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ‹ና ግባ› አለችው። ከሰኔ እስከ ኅዳር፣ እህቴ፣ አምስት ወር! ለልጆቿ ያለችውን ወተት ለሱ ኩባያ ላይ ስታፈስለት፣ ከባሮ የወጣ ትልቁን ዓሣ ለሱ ስትሰጥ፣ ወባ ጥሎት ሲቃዥ አጠገቡ ተቀምጣ ስታራግብለት... በር ላይ ወረቀት የለጠፈበት ሰው ነበር? ምን ዓይነት መሃይም ቤት ቢሆን ነው! ሴትየዋ ስትሸኘው ምን አለችው መሰለሽ? ‹ቀኑን አልቆጠርኩትም፤ መቁጠርም አላውቅም› አለችው። ይኸውልሽ፣ አለመማር።

»ያ ልጅ ዛሬ የት ደረሰ? ወይ አንቺ... ትልቅ ሰው ሆነ! ቦርጭ አወጣ፣ ማኅተም ያዘ፣ ሰው ያስተዳድራል። ጎበዝ ነው። ያቺ ሴት ያላወቀችውን መቁጠር እሱ ጥንቅቅ አድርጎ ተማረ፤ እስከ ሰባት ድረስ ይቆጥራል። አንዳንዱ ወጪት ሰባሪ ይለዋል። እኔ አልልም! ወጪቱን መች ሰበረው? ልቅም አድርጎ በልቶ፣ አጥቦ አስቀምጦ፣ ‹የማን ወጪት እንደሆነ አላስታውስም› ነው ያለው። ‹ወርቅ ላበደረ ጠጠር› የሚባለውም እሱን አይመለከተውም። ጠጠር ከየት አምጥቶ ይሰጣል? የግቢው ጠጠር የጋራ ንብረት አይደል እንዴ!»

አሁን ጋዜጣው አይገለጥም። አንድ ገጽ፣ ምን ያህል ጥሩ ነገር ቢጻፍበት ነው ይህን ያህል የሚያቆየው?

«የባለፈው ቅዳሜ ነገር ግን አሁንም ይገርመኛል» አለች ሺታዬ፣ ድንገት ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። «እናትሽ ከባጃጁ ወርደው፣ አንቺ እጃቸውን ይዘሽ በዚህ ስታልፉ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቆም አሉ። ምን ነበር ያሉሽ? አንቺ አይደለሽ የተረጎምሽልኝ? ‹ይህ የቤቴ ልጅ ነው፤ ወባ ሲይዘው እንዲህ ነበር የሚያደርገው።› ሰላም ሊሉት እጃቸውን ዘረጉ፤ እጃቸው አየር ጨብጦ ተመለሰ። ተሳስተው ይሆናል፣ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ሞራ ለብሷል። ብቻ እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ነው... የማያየው ሰው ካወቀ፣ የሚያየው ሰው ምን ጋርዶት ሳያውቅ ቀረ? ሐኪሞቹ ሲመጡ ይህንንም አብረን ብናሳይ ምናለ?»

ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ከኪሷ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ደንቡ ነበር። ሺታዬ ደንብ ታነባለች፤ ሙሉ በሙሉ፣ ከነነጥቡ። ልብስ ሰፊ መለኪያውን ሳታይ አትቆርጥም።

«እኔ ደንብ አላፈርስም። አንቺም አታፈርሺም፤ አለዚያ አንተዋወቅም። እስኪ ስሚ፦ ‹ማንኛውም እንግዳ በአንድ ቤት ከሰባት ቀን በላይ አይቆይም።› በአንድ ቤት። በግቢው ነው ያለው? አላለም። እንግዲህ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እናትሽን ከቤትሽ አውጪ። ጨከን በይ! ሩአች ጓዛቸውን ያወርድልሻል። ወዴት?... ቁጥር አምስት ነዋ፣ እኔ ቤት፤ አልጋውን አንጥፌያለሁ። ደረጃ የለው፣ ምን የለው። ሰባት ቀን ሲሞላ እኔም አልቅሼ አስወጣቸዋለሁ፤ ደንብ ነው። ከዚያ ቁጥር ስድስት፣ መምህር ኦቻን ጋ። እሱ ገና ሳልጨርስለት ‹ቁርስ ምን ይበላሉ?› ነው ያለኝ። አሥራ አራት ቀን ሆነ። ሐኪሞቹ በስንት ቀን ነው የሚመጡት ያልሽኝ? በአሥራ ስምንት... የምትቀረው አራት ቀን ናት። አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ ‹የጋራ ጉዳይ በቤት ቁጥር ቅደም ተከተል ይፈጸማል› ይላል። የውሃው ተራ በሱ አይደል የሚሄደው? ከአምስት ስድስት፣ ከስድስት... ነይ አግዢኝ፣ ከስድስት ቀጥሎ ምን ይመጣል? ሰባት ቁጥር የማን ቤት ነው?

»ስም አልጠራም። በረንዳው ሰፊ ነው ሲሉ ግን ሰምቻለሁ። ባለቤቱ ‹አላስገባም› ይላል ብለሽ እንዳትሰጊ፤ እንዲህ ያለ ደንብ አክባሪ ሰው ተራውን ያፈርሳል? በጭራሽ! ለአራት ቀን ነው። አምስት ወር አልተባለ።»

ይህን ስትል የደረጃው በር ተከፈተ። ሩአች በአንድ እጁ ጥቅሉን፣ በሌላው የእማማ ኛዱዎትን ክንድ ይዞ ቀስ እያለ ያወርዳቸዋል። ረጅም ናቸው፤ እርጅናው አላጎበጣቸውም። የመጨረሻዋን ደረጃ በእግራቸው ጫፍ ፈልገው አገኟት።

ከማንጎው ሥር ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፈልገው አይመስልም፤ ልማድ ነው።

አሮጊቷ ቆሙ። ፊታቸውን ወደዚያ መለሱና ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ጋትዳ?» አሉ። ልጄ፣ ማለታቸው ነው።

ጋዜጣው ከፍ እንዳለ ቀረ። ሺታዬ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አለፈች፤ የተዘረጋውን የእማማ ኛዱዎትን እጅ በሁለት እጇ ተቀበለችና ሳመችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማንጎው ዞረች። ፊቷ ላይ ክፋት የሚባል ነገር አልነበረም፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ነይ፣ ኛሬአት፣ አሜን በይ። ያለ ምርቃት መለያየት ደግ አይደለም። ይህን ማኅበር ላቆሙልን፣ ይህን ደንብ ላወጡልን ሰው እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ጤና ይስጥልን። ጉልበታቸው ሲደክም፣ ዓይናቸው ሲፈዝ፣ ማረፊያ ፍለጋ ሲወጡ በሰው ደጅ አያንከራትታቸው፤ በገዛ ልጃቸው ቤት ያሳርፋቸው። በሩን የሚከፍትላቸው ልጅም... ቁርጥ አባቱን ይሁንላቸው።»