ቲምቡክቱ የት ነው?

ክረምት ላይ የእንግሊዝኛ መምህራንን ቦንጋ ሰብስበው ያሠለጥኑናል። አንድ ዓመት አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ በዋዜማው የገባ ወጣት ነበር፤ የጭቃው መንገድ ወገቡን እንደቆረጠው ያስታውቃል። ሰሌዳው ላይ «ቲምቡክቱ» ብሎ ጻፈና፣ «ማሊ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። እንግሊዞች ግን የዓለም መጨረሻ ለማለት ስሟን ይጠራሉ» አለንና «የዓለም መጨረሻ» ብሎ አጠገቡ ጻፈ። ይሄን ብሎ ቢተወን ምን ነበረበት! ፈገግ አለና፣ «በእኛ አገር፣ ቦንጋ እንደማለት ነው» ብሎ ጨመረበት።

ቦንጋ ተወልጄ ያደግሁት ሴትዮ ደሜ ፈላ። ይሄኔ ከኋላ ጋሽ ኃይሌ ተነሡ፤ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ከቦንጋ ወዲያ ራቅ ብላ የምትገኘው የደካ መምህር ናቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር» አሉ ረጋ ብለው። «ደካ ላይ ቦንጋ ደርሶ የመጣ ሰው ትልቅ ከተማ አየ ይባላል። ከደካ የግማሽ ቀን መንገድ በእግር ገብቼ ሳስተምር ደግሞ፣ ተማሪዎቼ ትልቅ ከተማ የሚሉት ደካን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ውስጥ ወደ ውስጥ ተመደብኩ፤ የዓለምን መጨረሻ ግን አላገኘሁትም። የደረስኩበት ሁሉ ‹ቤት ለእንግዳ› የሚል ሰው ይቀበለኛል።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔማ መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት። አሠልጣኙ እያፈረ ጠመኔውን በሁለት እጁ ሰጣቸው። ጋሽ ኃይሌ «የዓለም መጨረሻ» የሚለውን በመዳፋቸው ጠረጉና፣ «ተናጋሪው ገና ያልደረሰበት አገር» ብለው ጻፉበት።

እኔም እስከ ዛሬ የማስተምረው ይሄንኑ ነው።